የጅማ ደመወዝና የጀርመን ደመወዝ፦ እውነት እኛ ስለማንሰራ ነው?

የአዌቱ ልጅ
ሰላም ጅማዎች። ይሄን ክር የከፈትኩት አንድ የሰለቸኝ ወሬ ስላለ ነው። ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር አንዱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ "ፈረንጅ ስለሚሰራ ነው ያለፈለት፣ እናንተ ጫት ላይ ተጎልታችሁ" ምናምን ይላል፣ ከስር ደግሞ የኛው ልጆች "ልክ ነህ ወንድሜ" እያሉ ኮሜንት ይደረድራሉ። እሺ፣ እስቲ በቁጥር እንነጋገር። እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ፔሮል እሰራለሁ፣ የሰው ደመወዝ ሳይ ነው የምውለው። ለማወዳደር ጀርመንን የመረጥኩት የአክስቴ ልጅ እዛ ስላለ ነው፣ ደግሞም የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ናት፣ ስለዚህ ከጅማ ጋር የማትገናኝ አገር አይደለችም።

በነሱ እንጀምር። ጀርመን ውስጥ ማንም ቀጣሪ ከዚህ በታች አይከፍልም የተባለ የሰዓት ክፍያ በህግ አለ፣ ከፈረንጆቹ ጥር 2026 ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው። ዩሮን በ180 ብር እንያዘው (ባንክ ሌላ፣ ከባንክ ውጪ ሌላ፣ እዛ ላይ እንዳንጣላ)፣ ወደ 2,500 ብር ይመጣል። በሰዓት። ወደኛ ስንመጣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ በወጣው የመንግስት ሰራተኛ ስኬል ዝቅተኛው 6,000 ብር ነው፣ በዲግሪ የሚጀምር ልጅ 11,500። ከዛ ላይ የስራ ግብር 2,100 ይነሳል፣ ጡረታ 7 ከመቶ ማለት 805 ይነሳል፣ እጁ ላይ የሚገባው 8,595 ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የወጣ ልጅ የወር ደመወዙን ሀምቡርግ ሰሃን የሚያጥብ ሰው ጠዋት ገብቶ ምሳ ሳይደርስ ይሰራታል ማለት ነው። ሳይቆረጥ ያለውን የሁለቱንም ደመወዝ ወር ሙሉ ብናሰላው ወደ 38 እጥፍ ይመጣል።

እና ያ ሰሃን አጣቢ ከኛ ልጅ 38 እጥፍ ይሰራል? እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ኦኢሲዲ የሚባለው ያደጉት አገሮች ድርጅት በሚያወጣው ሰንጠረዥ ጀርመኖች በአማካይ በዓመት 1,340 ሰዓት ገደማ ነው የሚሰሩት፣ ካደጉት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። የኛ አሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል፣ በዓሉንና የዓመት ፈቃዱን ቀንሼ ሳሰላው 2,200 ሰዓት ያልፋል። እንግዲህ ሰነፉ ማነው? ተናገሩ እስቲ።

ዝም አልልም
ወንድሜ ሰዓት መቁጠርና ስራ መቁጠር አንድ አይደለም። አንተ የቆጠርከው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰዓት ነው። እስቲ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ቢሮ ሂድ፣ ጠዋት "አልገቡም"፣ አራት ሰዓት ላይ "ሻይ ወጡ"፣ ከዛ "ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ የያዘውን ከየት ታመጣዋለህ። አርብ ደግሞ አትጠይቀኝ፣ ለጁምዓ የሚወጣውን አልከስም መብቱ ነው፣ እኔ የምለው ሳይሰግድ አብሮ የሚጠፋውን ነው 😂 ያ 1,340 የምትለው ሰዓት እያንዳንዱ ደቂቃ የተሰራበት ነው፣ የኛ 2,200 ግማሹ ወሬ ነው። እውነቱን መናገር ለምን ያናድዳል?

አናጢው
ዝም አልልም ቢሮ ያለውን ስታማ አብረህ እኛንም አማኸን። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጀርባ በርጩማም ቁምሳጥንም አልጋም እሰራለሁ፣ ከኔ ጋር ያሉ ልጆች አሉ፣ ጫት የሚቅምም አለ የማይቅምም አለ፣ አንዳቸውም ስራ ጠልተው ተቀምጠው አላየሁም። የሚቀመጡት መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ መሰንጠቂያው ይቆማል፣ መላጊያው ይቆማል፣ ማሽን በአስር ደቂቃ የሚያወጣውን ጣውላ በእጅ ስንልግ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የጀርመን አናጢ እዚህ አምጣና ማሽኑን ንቀልበት፣ ከኔ ልጆች እኩል ካወጣ እኔ ምሳ እጋብዛለሁ።

ሀምቡርግ ያለሁት
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ጅማ ቦሳ ሰፈር ነው ያደግኩት፣ አሁን ሀምቡርግ መጋዘን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ሁለቱንም አይቻለሁ ብዬ ልናገር። ዝም አልልም ያለው ውስጥ እውነት አለ፣ ግን የሰጠው ምክንያት ልክ አይደለም።

እዚህ ፈረቃ በናንተ ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምራል ከተባለ 12 ሰዓት ላይ ጓንት አጥልቀህ ቆመሃል፣ ያኔ በር ላይ ከደረስክ አርፍደሃል። ስልክ ሎከር ውስጥ ነው። እጅህ ላይ ስካነር ይሰጡሃል፣ የትኛው መደርደሪያ ሄደህ ምን እንደምታነሳ እሱ ነው የሚነግርህ፣ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ባዶ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፣ ሲጀምረኝ ማታ ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር የማመሸው። ሲያልቅ ግን አለቀ። ሰዓቱ ሲሞላ አለቃው ራሱ ጃኬቱን ይለብሳል፣ አለቃ እስኪወጣ ጠብቆ ማስመሰል የለም፣ እንዲያውም ሰዓት ጨምረህ ብትቆይ ስራህን በጊዜው መጨረስ ያቃተህ ነው የምትመስለው። እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ዳቦ ካልገዛህ ባቡር ጣቢያ መሄድ ነው።

ግን ልብ በሉ፣ እኔ ያው ጅማ እያለሁ የነበርኩት ሰው ነኝ። ደሜ አልተቀየረም። የተቀየረው ዕቃው ሰዓቱን ጠብቆ መምጣቱ፣ ፎርክሊፍቱ መስራቱ፣ መብራት ሄዶ አለማወቁ ነው። አናጢው ያለው እሱን ነው።

ስለ 1,340ውም አንድ ነገር ልጨምር። እሱ አማካይ ነው፣ በጣም ብዙ ሰው በተለይ እናቶች ግማሽ ቀን ነው የሚሰሩት፣ እነሱ ናቸው ቁጥሩን ወደታች የሚጎትቱት። እኔ በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

የአዌቱ ልጅ
@ሀምቡርግ ያለሁት ወንድሜ እናመሰግናለን። እስቲ ካልከበደህ እጅህ ላይ የሚገባውን ንገረን፣ ቲክቶክ ላይ ያሉት እሷ ላይ ሲደርሱ ዝም ነው የሚሉት።

ሀምቡርግ ያለሁት
ምን ይከብደኛል። በዝቅተኛው ክፍያ ሙሉ ቀን ብትሰራ ብሩቶ (ሳይቆረጥ ያለው) 2,400 ዩሮ ገደማ ነው። ከዛ ላይ የጤና መድን፣ የጡረታ፣ የስራ አጥነት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ኢንሹራንስ ይቆረጣል፣ እነዚህ ብቻ ከደመወዝህ አምስት አንዱን ይወስዳሉ፣ አሰሪህም ያንኑ ያህል ከራሱ ይጨምራል። ከዛ ግብር። ብቻህን የምትኖር ከሆንክ ኔቶ (እጅህ የሚገባው) ከ1,700 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። እኔ ለአንድ ክፍል ከነማሞቂያው 680 እከፍላለሁ፣ ይሄ በሀምቡርግ ዕድለኛ የሚያስብል ነው። የአውቶቡስና የባቡር ወርሃዊ ትኬት 63 ዩሮ። ቴሌቪዥን ኖረህም አልኖረህም ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ቤቱ በወር 18.36 ይከፍላል፣ መጀመሪያ ደብዳቤው ሲመጣ አጭበርባሪ መስሎኝ ጥዬው ነበር 😅 ምግብ፣ ስልክ፣ ጅማ የሚላክ። ወሩ መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን አልነግራችሁም።

ዕረፍቱ ግን ዕረፍት ነው። በህግ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሰራ ትንሹ 20 ቀን ነው፣ ብዙ ቦታ 28ም 30ም ይሰጣሉ። ስታመም የሀኪም ወረቀት ልኬ እተኛለሁ፣ እስከ ስድስት ሳምንት አሰሪው ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል።

ነርሷ
ሀምቡርግ ያለኸው ወንድሜ፣ እኔም ከሌሊት ተረኛ ወጥቼ ጀርመንኛ እማራለሁ፣ ቢ1 የሚባለው ደረጃ ላይ ነኝ ቢ2 ይቀረኛል። የነርስ ደመወዝ ያው በዝቅተኛው ነው ወይስ ከፍ ይላል? ደግሞ ያንተን ብሩቶ ኔቶ ሳይ ደነገጥኩ፣ እኛ እዚህ 3,000 ዩሮ ሲሉን በ180 እያባዛን ነው የምንተኛው።

ሀምቡርግ ያለሁት
ሲስተር በ180 ማባዛቱን አቁሚ፣ የምትበይውም በዩሮ ነው። ነርስ ሙያዋ ከታወቀላት በኋላ ብሩቶ ከ3,000 በላይ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እስኪታወቅልሽ ድረስ እንደ ረዳት ነው የሚከፍሉሽ፣ ረዳት ሆነሽ ደግሞ ሙሉ የነርስ ስራ የሚያሰሩ አሉ። ኮንትራት ከመፈረምሽ በፊት "እውቅናው እስኪያልቅ ስንት፣ ካለቀ በኋላ ስንት" የሚለው ሁለቱም በወረቀት ይኑር። ለኤጀንሲ ብዙ ብር ክፈይ ካሉሽ ደግሞ ተይው፣ ነርስ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

ከጅዳ መልስ
ስለ ስራ ትጋት ስታወሩ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ጅዳ ሰው ቤት ሰርቻለሁ። ከፈጅር ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቤቱ ሶስት ፎቅ ነበር፣ ዕረፍት ቀን የሚባል አላየሁም፣ ደመወዜ ሺ ሪያል። ወላሂ ከኔ በላይ የሰራ ጀርመናዊ ካለ አምጡት። ጠንክሮ መስራት ሀብታም የሚያደርግ ቢሆን የዚህ ዞን ሴቶች ሁላችንም ፎቅ ነበረን። ሌላ አልልም፣ ወደ ጀርመናችሁ ተመለሱ።

ሰርቦ መንገድ
እህቴ፣ አሁን ያልሽውን በኢኮኖሚክስ ክፍል አንድ ወር ነው የምናስተምረው። እኔ መምህር ነኝ፣ እንዳላሰለቻችሁ በፀጉር ቆራጭ ልናገረው።

እዚህ ጅማ አጂፕ ጋ ያለው ፀጉር ቆራጭና ሀምቡርግ ያለው ፀጉር ቆራጭ ያው አንድ ዓይነት መቀስና ማሽን ነው የሚይዙት፣ አንድ ራስ ለመቁረጥ ያው ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ እንዲያውም የኛው ቢበልጥ ነው። ታዲያ የሀምቡርጉ ለምን ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል? እሱ ስለጎበዘ አይደለም። ፀጉር መቁረጥ ቢያስጠላው መኪና ፋብሪካ ወይም መጋዘን ይገባል፣ እዛ ጥሩ ይከፍሉታል፣ ስለዚህ ፀጉር ቤቱ ሊያቆየው ከፈለገ ወደዛው መጠጋት አለበት። ደንበኛውም ያንኑ ጥሩ ደመወዝ ስለሚያገኝ ለፀጉሩ መክፈል ይችላል። የኛው ፀጉር ቆራጭ ቢያስጠላው ምን አማራጭ አለው? ባጃጅ፣ ድለላ፣ ቀን ስራ። ደመወዙን የሚወስነው የእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ትቶት ሊሄድ የሚችልበት ቦታ ነው። የእህታችንም የጅዳ ደመወዝ እንደዛው ነው፣ የተተመነው በስራዋ ሳይሆን እዚህ ባጣችው አማራጭ ነው።

ስለዚህ ዝም አልልም፣ ቢሮ ያለው ሰውዬ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፣ አልጣላህም። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ጅማ በሙሉ እንደ ጀርመን ሰዓት ቢያከብር ደመወዙ 38 እጥፍ አይሆንም። ምናልባት ወረፋው ያጥር ይሆናል።

ዝም አልልም
መምህር ጥሩ አስረዳህ ግን ጀርመን እኮ በጦርነቱ ከተማው ሁሉ ፈርሶ ነበር፣ ፋብሪካም መንገድም አልነበረም፣ ከዛ ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። ያ ትጋት ካልሆነ ምንድነው?

ሰርቦ መንገድ
ህንፃው ፈረሰ እንጂ ኢንጂነሩ፣ ሰልጣኙ፣ የፋብሪካውን አሰራር የሚያውቀው ሰው አልጠፋም። በ1948 እ.ኤ.አ. ገንዘባቸውን ቀየሩ፣ የአሜሪካ የማርሻል ዕርዳታ መጣ፣ የሚሸጡበት ገበያ ነበራቸው። ትጋት አልነበረም አላልኩም። ትጋት የሚይዘው ነገር ካገኘ ነው።

አባ ጎማ
ልጆቼ አመሰግናለሁ፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እኔ ጎማ ወረዳ ቡና አለኝ። ሁላችሁም ስለ ቢሮና ስለ ፋብሪካ ታወራላችሁ፣ የዚህ አገር ደመወዝ የሚጀምረው ከቡና ለቀማ ነው። ዘንድሮ ለለቃሚ በኪሎ ቀይ እሸት 12 ብር ከፈልኩ። ጎበዝ ለቃሚ በቀን 40 ኪሎ ይለቅማል፣ ደካማውም 20። ልጆቹ ከዳውሮም ከሌላም ይመጣሉ፣ ማደሪያና ቆሎ እኛ እንችላለን። ቡናው አንድ ላይ የደረሰ ሳምንት ለቃሚ ይወደዳል፣ ጎረቤት አንድ ብር ከጨመረ ማለዳ ስነሳ ልጆቹ እሱ ጋ ናቸው። መምህሩ የመሄጃ ቦታ ያሉት ይሄን ከሆነ ገብቶኛል። ድሮ በዳዶ ነበር የምንለቅመው፣ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ፣ ደመወዝ የሚባል አልነበረም። አሁን ሁሉም ገንዘብ ነው።

የአዌቱ ልጅ
አባባ እንኳን መጡልን፣ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎ ባሉት ቁጥር እስቲ ሂሳብ ልስራ፣ የኔ ስራ እሱ ነው።

አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ይፈልጋል፣ ሲቆላ ደግሞ ክብደቱ ስለሚቀንስ ለአንድ ኪሎ ቁሌት ወደ 7 ኪሎ እሸት እንበል። በ12 ብር 7 ኪሎ፣ ለቃሚው ያገኘው 84 ብር ነው። አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ። ጀርመን የቡና ቀረጥ የሚባል አላት፣ ለብቻው፣ ቡና ስለሆነ ብቻ፣ በአንድ ኪሎ ቁሌት 2.19 ዩሮ። በ180 አባዙት፣ 394 ብር። ከሌላው የሽያጭ ግብር ውጪ ነው ይሄ። ከአንዷ ኪሎ የጅማ ቡና የጀርመን መንግስት ምንም ሳይነካ፣ ቅርጫት ሳይሸከም፣ ጉንዳን ሳይበላው፣ ከለቃሚው አራት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ለቃሚው ሰነፍ ስለሆነ ነው ልትሉኝ ነው?

ሀምቡርግ ያለሁት
ኧረ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እዚሁ ሆኜ። ነገ ሱፐርማርኬት ስገባ የቡናውን መደርደሪያ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሀምቡርግ እኮ የቡና ወደብ ናት፣ ጆንያው እዚሁ ነው የሚራገፈው። የሚያራግፉት ልጆች ማህበር አላቸው፣ ደመወዛቸው በየጊዜው በድርድር ነው የሚወሰነው፣ ካልተስማሙ ወደቡን ያቆሙታል።

ዝም አልልም
እሺ ይሄ ቀረጥ አሳምኖኛል፣ ግን ቀረጡን ቢያነሱት ብሩ ለለቃሚው ይደርሳል ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም። መሃል ላይ ስንት እጅ አለ።

የአዌቱ ልጅ
እኔም አላምንም። የተናገርኩት ልኬቱን ለማሳየት ነው እንጂ። አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ፣ እኩልነት። የሚገርማችሁ ነገር በጂኒ መለኪያ (0 ሁሉም እኩል፣ 100 አንድ ሰው ሁሉንም የወሰደበት) ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ስትለካ 35 አካባቢ ነበረች፣ ጀርመን ከ30 ትንሽ ከፍ ትላለች። ደቡብ አፍሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. 63 ነበረች። በዚህ ከሄድን እኛና ጀርመን ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው። ይሄን ሳይ ግራ ገባኝ፣ አንድ ፎቅ ባለቤትና አንድ ቀን ሰራተኛ አንድ መንገድ ላይ ነው የሚሄዱት ጅማ ውስጥ።

ሰርቦ መንገድ
ግራ ይገባል። የኛ የሚለካው በፍጆታ ነው፣ ቤተሰቡ ምን በላ ምን ገዛ ተብሎ ቤት ለቤት ተጠይቆ። የነሱ በገቢ ነው። ሀብታም ደግሞ ያለውን ሁሉ አይበላም፣ ለጠያቂም በሩን አይከፍትም፣ ስለዚህ በፍጆታ ሲለካ ልዩነቱ ጠበብ ብሎ ነው የሚታየው።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ጀርመንን ግብርና ድጎማ ከመኖሩ በፊት ከለካሃት ጂኒዋ 50 አካባቢ ነው፣ ገበያው ብቻውን ቢተው በጣም እኩል ያልሆነ አገር ነው። ወደ 30 የሚያወርደው ግብሩ፣ ጡረታው፣ የልጅ ድጎማው ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 259 ዩሮ፣ የዶክተር ልጅ ሁን የጽዳት ሰራተኛ። እኛ 35 ላይ ያለነው አብዛኛው ሰው ተቀራራቢ የሆነ ትንሽ መሬት ላይ ተቀራራቢ ትንሽ ነገር ስለሚያመርት ነው። እነሱ ከፍ ብሎ የነበረውን አውርደውት ነው፣ እኛ ገና ከፍ ስላላልን ነው። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚገናኘው።

ደግሞ ጀርመንን ገነት አታድርጓት፣ ገቢ ሳይሆን ሀብት፣ ቤትና አክሲዮን ብትቆጥር ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ምስራቁ ከተዋሃደ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን በደመወዝ ከምዕራቡ ያንሳል።

ነርሷ
ያክስቴ ባል ሁሌ "ድሮ ሁላችንም እኩል ነበርን" ይላል። አዎ፣ ሁላችሁም ጫማ አልነበራችሁም 😄

ሀምቡርግ ያለሁት
😂😂 መምህር ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ላይ ግን የሚታየኝ በሌላ በኩል ነው። እዚህ የመጋዘኑ አለቃ ከኔ የሚበልጠው ሶስትም አራትም እጥፍ ይሆናል፣ ግን ሁለታችንም ያው አንድ ባቡር ነው የምንይዘው፣ ስንታመም ያው አንድ ሆስፒታል ነው፣ ልጁና የኔ ልጅ ያው አንድ መዋዕለ ህፃናት ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ነው። ጅማ እያለሁ ሀብታም መሆን ማለት የራስህ ጄኔሬተር፣ የራስህ የውሃ ታንከር፣ የልጅህ የግል ትምህርት ቤት፣ ስትታመም አዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር መሄድ ነበር። አንድ ነገር ግን አልወድላቸውም፣ ልጁን ከ4ኛ ክፍል በኋላ አንተ እዚህ አንተ እዚያ ብለው ይለዩታል፣ የስደተኛ ልጅ የትኛው ጋ እንደሚበዛ ገምቱ።

ከጅዳ መልስ
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ 13.90 የምትሉት በህግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ክፍያ እዚህ የለም አይደል? ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት የሰፈር ልጆች ሄደው ነበር፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም ብለው ወጡ።

የአዌቱ ልጅ
የለም። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋምና ወለሉን፣ ማለት ዝቅተኛውን ክፍያ፣ ይወስናል ይላል፣ ለግሉ ዘርፍ ወለል ግን እስካሁን አልተቀመጠም፣ የኢትዮጵያ ሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይዴይ ይጠይቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሀዋሳ ፓርክ ላይ ባወጡት ጥናት የልብስ ሰፊዎች መነሻ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ካጠኗቸው አገሮች ሁሉ ትንሹ። ልጆቹ ደግሞ በገፍ ይለቁ ነበር፣ ፈረንጁ ዲሲፕሊን የላቸውም ይላል። በ26 ዶላር ምን ዓይነት ዲሲፕሊን ነው የሚገዛው?

የሚገርመው ወረቀት ላይ ህጋችን መጥፎ አይደለም። ትርፍ ሰዓት ቀን 1.5፣ ሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን። ግን ከጅማ ህዝብ ስንቱ ነው ፔሮል ላይ ያለው? አባ ጎማ ጋ ያሉ ለቃሚዎች፣ አናጢው ጋ ያሉ ልጆች፣ የሰው ቤት ሰራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ማናቸውንም እኔ ኮምፒውተር ላይ አላገኛቸውም።

ዝም አልልም
ወለል ብታስቀምጥ እኮ ሰው ይባረራል፣ ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ነው ይሄ፣ መምህር ይመስክር።

ሀምቡርግ ያለሁት
እዚህም እንደዛ ብለው ነበር። ጀርመንም እኮ በህግ ዝቅተኛ ክፍያ የጀመረችው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ 8.50 ዩሮ፣ ከዛ በፊት ማህበርና አሰሪ ተደራድረው ነበር የሚወስኑት፣ ማህበር የሌለበት ሰው በ5 ዩሮም ይሰራ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስራ ይጠፋል ያሉ ትልልቅ ኢኮኖሚስቶች ነበሩ፣ ያ አልሆነም።

ሰርቦ መንገድ
አንደኛ ዓመት ላይ እንደሱ ነው፣ ልክ ነው። ከዛ በኋላ ያሉት ዓመታትም አሉ 🙂 ቁም ነገሩ ወለሉ የት ላይ ተቀመጠ ነው፣ የጀርመኑ ወለል ድርጅቶች በሚችሉት ላይ ነው የተቀመጠው።

አናጢው
እስቲ ከኔ ጋ በብር ተነጋገሩ። ስንት ይሁን ትላላችሁ ወለሉ? ቁጥር ጥሩ።

የአዌቱ ልጅ
ለመንግስት ሰራተኛ ትንሹ 6,000 ከሆነ ለግሉም ከዛ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

አናጢው
ይሁን፣ 6,000 ልክፈል። ስራ ባለበት ወር እኔ ከዛም በላይ እከፍላለሁ፣ በቁራጭ ነው የምንሰራው። ጨንቆኝ የምጠይቀው ሌላ ነው፣ መብራት ሶስት ቀን በጠፋበት ሳምንት፣ ክረምት ላይ ጣውላ ከጫካ በማይወጣበት ጊዜ፣ ያኔም 6,000 ከየት አምጥቼ ልስጥ? ያኔ ማነው የሚካፈለኝ? ጀርመን ያለው አናጢ ስራ ሲቆምበት ምን ያደርጋል?

ሀምቡርግ ያለሁት
ለዚህ መላ አላቸው፣ ኩርዝአርባይት ይባላል። ስራ ሲቀንስ አሰሪው ሰውን አያባርርም፣ ሰዓቱን ይቀንሳል፣ ለጠፋው ሰዓት ከኔቶው 60 ከመቶ፣ ልጅ ላለው 67 ከመቶ የስራ ኤጀንሲው ይከፍላል። በኮሮና ጊዜ ሚሊዮኖች በዚህ ነው የቆዩት። ገንዘቡ ከሰማይ አይደለም፣ ከየደመወዙ የሚቆረጠው የስራ አጥነት ኢንሹራንስ ነው፣ 2.6 ከመቶ፣ ግማሹን ሰራተኛው ግማሹን አሰሪው።

አናጢው
1.3 ከኔ 1.3 ከልጆቹ? ይሄን ያህል ነው እንዴ! ይሄማ ዕቁብ ነው። መርካቶ ያለን እንጨት ሰራተኞች ብንሰባሰብ በራሳችን መጀመር እንችላለን፣ መብራት የጠፋ ሳምንት ከሳጥኑ ይወጣል።

ሰርቦ መንገድ
ችግሩ መብራት ሲጠፋ ሁላችሁም ጋ ነው የሚጠፋው፣ ሁላችሁም አንድ ቀን ነው ከሳጥኑ የምትጠይቁት። ሌላ ሙያ ቀላቅሉ፣ ልብስ ሰፊም፣ ወፍጮ ቤት… ወፍጮም መብራት ነው። ባጃጅ ጨምሩ፣ ቡና ነጋዴ ጨምሩ።

አባ ጎማ
እኔ ቡና እስኪሸጥ ድረስ በየወሩ መክፈል አልችልም፣ በዓመት አንዴ ካላችሁ ግን አለሁበት።

አናጢው
አባባ እርስዎማ በዓመት አንዴ ይክፈሉ፣ ያው ነው። ሰብሳቢ ማን ይሁን ታዲያ? የአዌቱ ልጅ፣ ፔሮል የምትሰራው አንተ ነህ፣ ደብተሩን ያዝልን። እሁድ ከሰዓት ልጆቹን ይዤ ሱቄ ጋ እጠብቅሃለሁ፣ ካልኩሌተር ይዘህ ና።

ዝም አልልም
እሁድ ከሰዓት ስንት ሰዓት? በሀበሻ ነው በጀርመን? 😂 እኔም እመጣለሁ፣ ሂሳቡን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋችኋል።